ወረቀት ይመሰክራልን?

ለዚህ እትም ልንጽፍ ያሰብነው ስለ ሌላ ጉዳይ ነበር። ይሁን እንጂ ከጥቂት ጊዜ በፊት በቁምስናችን ጽሕፈት ቤት ያጋጠመን ነገር ሐሳባችንን ወደ አንድ ተራ ዕቃ መለሰው፤ ይኸውም በየቀኑ እያገላበጥነው ስለ ምንነቱ ግን እምብዛም ወደማናስበው ወደ ወረቀት ነው።

ከጧት ቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ወደ እኛ መጡ። ልጃቸው በበረሃና በባሕር አልፎ ከአንድ ሩቅ አገር ደርሷል። ጉዳዩን የሚመረምሩት ሰዎች የዕድሜውን ማስረጃ እንዲያቀርብ ጠይቀውታል። ዐሥራ ስምንት ዓመት ካልሞላው መጠለያና ትምህርት ያገኛል፤ ከሞላው ግን ዕጣው የተለየ ነው፤ ምናልባትም መመለስ ሊሆን ይችላል። እናቲቱ ይህን ሁሉ ባጭር ቃል፣ «አባ፣ ልጄ ወረቀት አላገኘም» አሉን። በስደት ያሉት ወገኖቻችን «ወረቀት» ሲሉ የመኖሪያ ፈቃድ ማለታቸው እንደ ሆነ የታወቀ ነው። አንድ ቅጠል ነገር የሰውን ኑሮ በሙሉ የሚሸከም ስም ሆኗል።

የጥምቀት መዝገቡን አውጥተን ገለጥን። የልጁ ስም፣ የወላጆቹ ስም፣ የክርስትና አባቱ ስም፣ ያጠመቀው ካህን ፊርማ ደኅና ነበሩ። የዓመተ ምሕረቱን የመጨረሻ አኃዝ ግን ብል በልቶታል። 200 ይልና ከዚያ ቀጥሎ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ትታያለች። ሴትዮዋ ቀዳዳዋን አዩአት። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አባ፣ ብል የበላውን ማን ያየዋል? ሁለት ብለው ይጻፉልኝ» አሉን።

ከዚያ መስመር በላይና በታች የተጻፉት ጥምቀቶች ሁሉ የ2000 ዓ.ም. ናቸው። ስለዚህ በቀዳዳው ውስጥ ምን እንደ ነበረ እናውቃለን። እርሳቸውም ያውቃሉ፤ የወለዱት እርሳቸው ናቸውና። ወዲያው መልስ ልንሰጣቸው አልቻልንም፤ ለሐሙስ ቀጠርናቸው። በመካከል ባሉት ቀናት ስንመላለስበት የቆየነው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ወረቀትን የሚያምን ሰው በእርግጥ የሚያምነው ምንን ነው? (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ከቁምስናው መዝገብ በቀር፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወረቀት በጥንተ ነገሩ የተጣለ ነገር ነው። የቻይና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ የቤተ መንግሥት ባለሟል የነበረው ጃንደረባ ጻይ ሉን በ105 ዓ.ም. ከዛፍ ልጥ፣ ከተክል ቃጫ፣ ከአሮጌ ጨርቅና ከተበጣጠሰ የዓሣ መረብ የተሠራ ወረቀት ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረበ። በቁፋሮ የተገኙ ቁርጥራጮች ወረቀት ከእርሱ በፊትም እንደ ነበረ ያመለክታሉ፤ ነገር ግን አሠራሩን አሻሽሎ ለመንግሥት ሥራ ያበቃው እርሱ በመሆኑ ክብሩ ለእርሱ ተሰጥቷል። የዚህ ሰው ፍጻሜ ለጉዳያችን ቅርብ ስለ ሆነ እናነሣዋለን። ጻይ ሉን በወጣትነቱ በንግሥቲቱ ትእዛዝ በአንዲት የንጉሥ ሚስት ላይ በተቀነባበረ የሐሰት ክስ ውስጥ እጁን አግብቶ ነበር። ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በ121 ዓ.ም.፣ የዚያች ሴት የልጅ ልጅ ሥልጣኑን በእጁ ሲያደርግ ጻይ ሉን ለፍርድ እንዲቀርብ ታዘዘ። እርሱም ገላውን ታጥቦ፣ የክብር ልብሱን ለብሶ፣ መርዝ ጠጥቶ ሞተ። ለምስክርነት የሚያገለግለውን ዕቃ ለዓለም ያስተዋወቀው ሰው በሐሰት ምስክርነት ምክንያት መሞቱን ማንም ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢጽፈው አናምነውም ነበር።

አሠራሩ በየአገሩ ጥቂት በጥቂት ቢለያይም መሠረቱ አልተለወጠም። ጨርቁ ይዘፈዘፋል፤ ይወቀጣል፤ ክሩ ፈጽሞ እስኪፈታ ድረስ ይደቀቃል። ከዚያም በብዙ ውሃ ተበጥብጦ እንደ አጥሚት ይቀጥናል። ሠራተኛው ወንፊት መሰል ማጥለያውን በገንዳው ውስጥ አጥልቆ ያነሣል፤ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛል፤ ውሃው ሲወርድ ቃጫው እርስ በርሱ ተያይዞ ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀራል። ይህን ሽፋን በሱፍ ጨርቅ ላይ ይገለብጠዋል፤ ተደራርቦ ይጨመቃል፤ ተሰቅሎ ይደርቃል። በዚህ ብቻ ቢቀር ቀለምን እንደ ጥጥ ይመጥጠዋልና በመጨረሻ ሙጫ ይቀባል። በእጅ የተሠራውን ወረቀት ወደ ብርሃን አቅንቶ የተመለከተ ሰው የማጥለያውን ሽቦዎች መስመር ሳይቀር ያያል።

የእኛ አባቶች የመረጡት ግን ብራናን ነው። ደንገል በጣና ሐይቅ ዳር በብዛት ይበቅላል፤ ግብፃውያን ከዚህ ተክል የጽሕፈት ቅጠል ሲሠሩ የጣና ሰዎች ታንኳ ሠሩበት። መጽሐፉ የተጻፈው በፍየልና በበግ ቆዳ ላይ ነው። ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ለስልሶ፣ ቁም ጸሐፊው በመቃ ብርዕ እስኪጽፍበት ድረስ ያለውን ድካም ያየ ያውቀዋል። ለአንድ ወፍራም መጽሐፍ የሚያስፈልገው መንጋ ቀላል አልነበረም። ስለዚህም በብራና ላይ የሚጻፈው ሁሉ ሊጻፍ የሚገባው ነገር ብቻ ነበር፤ ቅዱስ ቃል፣ ዜማ፣ ገድል፣ የነገሥታት ስጦታ። የርስትና የጉልት ውል በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ወንጌሉ ራሱ መዝገብ ቤት ነበርና። ከሥሩም የሚሰርቀውና የሚፍቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን የሚል ግዝት ይጨመርበታል። እዚህ ላይ «የሚፍቀው» መባሉን ልብ ይሏል። ብራና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን በቢላዋ ጫፍ ሊፋቅና ሌላ ቃል ሊጻፍበት ይችላል። አባቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ በቆዳው አልታመኑም፤ ግዝቱን ዘበኛ አቆሙበት።

ይኸው ፍርሃት በባግዳድም ነበር። ወረቀት ወደ እስላሙ ዓለም የገባው በ751 ዓ.ም. በታላስ ወንዝ አጠገብ በተደረገው ጦርነት በተማረኩ ቻይናውያን አማካይነት ነው የሚል የቆየ ትረካ አለ። የዛሬ ሊቃውንት በነጋዴዎችና በቡድሃ መነኮሳት እጅ ቀደም ብሎ በመካከለኛው እስያ ተስፋፍቶ እንደ ነበር ይናገራሉ። ያም ሆነ ይህ ሳማርቃንድ በወረቀቷ ስመ ጥር ሆነች፤ ከዚያም ባግዳድ ተከተለች። ግብፃዊው ጸሐፊ አልቀልቀሸንዲ እንደሚለው ከ786 እስከ 809 ዓ.ም. የገዛው ኸሊፋ ሃሩን አል ረሺድ በመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ከወረቀት በቀር በሌላ ነገር እንዳይጻፍ አዘዘ። ምክንያቱ ከግዝቱ ምክንያት ጋር አንድ ነው። በቆዳ ላይ የተጻፈ ሊፋቅና ሊለወጥ ይችላል፤ ወረቀት ግን ቀለሙን ስለሚጠጣ የፋቀው ሰው ራሱን ያጋልጣል። እንግዲህ ደካማነቱ ለታማኝነቱ ዋስ ሆነ ማለት ነው።

ከአራት መቶ ዓመታት በኋላ በሲሲሊያ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ሁለተኛ በ1231 ዓ.ም. በመልፊ ባወጣው ሕግ ሕዝባዊ ውሎች በወረቀት ላይ እንዳይጻፉና በብራና ብቻ እንዲጻፉ ደነገገ። ሃሩን የፈራው አጭበርባሪውን እጅ ነው፤ ፍሬድሪክ የፈራው እርጥበትንና ዘመንን ነው። ሁለቱም ተሳሳቱ ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ የፍሬድሪክ ቅድመ አያት አደላይድ በ1109 ዓ.ም. በግሪክኛና በዐረብኛ ያስጻፈችው የአንድ ገዳም ጥበቃ ትእዛዝ በወረቀት ላይ ነበር። ያ ወረቀት በፓሌርሞ መዝገብ ቤት እስከ ዛሬ ተጠብቋል፤ በአውሮጳ ከተገኙት ጥንታውያን የወረቀት ሰነዶች አንዱ ነው። የልጅ ልጅዋ ልጅ ያላመነው ቅጠል ከመንግሥቱ በላይ ዕድሜ አገኘ። ሰዎች ጠብቀውታልና።

ወረቀትን ከዚህ ጥርጣሬ ያወጡት በጣልያን አገር በማርኬ ተራሮች መካከል ያለችው የፋብሪያኖ ከተማ ሠራተኞች ናቸው። በዐሥራ ሦስተኛው ምዕተ ዓመት ጨርቁን በውሃ ኃይል በሚነሡና በሚወድቁ ከባድ መዶሻዎች መውቀጥ ጀመሩ። ዐረቦች ይቀቡት የነበረውን የዱቄት ሙጫ ትተው፣ ሻጋታና ተባይ እንዳይፈታተነው፣ ከእንስሳት ቆዳ ተፈልቶ በሚወጣ ሙጫ ነከሩት። ሦስተኛው ሥራቸው ለእኛ ከሁሉ ይልቃል። በ1282 ዓ.ም. ገደማ በማጥለያው ላይ ሽቦ አጣጥፈው መስቀል ወይም ሌላ ምልክት መሥራት ጀመሩ። ሽቦው ባለበት ቃጫው ይሳሳል፤ ምልክቱም ወረቀቱ ወደ ብርሃን ሲቀና ብቻ ይታያል። ዓላማው ዕቃው ከማን እጅ እንደ ወጣ ለማሳወቅ ነበር። ወረቀቱ ቢበሰብስ ወይም ቀለም ቢያፈስ የሚጠየቅ ሰው አለ። ሊፋቅም አይችልም፤ ከላይ የተጻፈ ሳይሆን ከውስጥ የተሠራ ነውና።

እዚህ ላይ የጨርቁን ነገር አንድ ጊዜ እናንሣ። የአውሮጳ ወረቀት ለብዙ መቶ ዓመታት የተሠራው ከአሮጌ የተልባ እግር ጨርቅ ነው፤ ከተቀደደ ሸሚዝ፣ ካረጀ አንሶላ። ቡትቶ ለቃሚዎች በየደጁ እየዞሩ ይሰበስቡት ነበር። የባለጸጋው እጀ ጠባብና የሎሌው ሸሚዝ በአንድ ገንዳ ውስጥ ተወቅጠው አንድ ቅጠል ይሆናሉ። ዋጋውም ከብራና ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዝቅ ያለ ነበር። ከዚህም የተነሣ በታሪክ ውስጥ ታላቅ የምንለው ነገር ሆነ፤ ድኻው ስሙ ተጻፈ። የትሬንቶ ጉባኤ በ1563 ዓ.ም. ቆሞሶች የጋብቻ መዝገብ እንዲይዙ፣ የተጠማቂዎችም የክርስትና አባቶችና እናቶች ስም እንዲጻፍ አዘዘ፤ በ1614 ዓ.ም. የወጣው የሮማ መጽሐፈ ሥርዓትም የቁምስናውን መዛግብት አሠራር ወሰነ። በብራና ዘመን ስሙ የሚጻፈው ንጉሥ፣ ባለ ርስት ወይም ቅዱስ ነበር። በወረቀት ዘመን የእረኛው ልጅ ከመኰንኑ ልጅ ሥር፣ በአንድ ዐይነት ቀለም፣ ተራውን ጠብቆ ተጻፈ። ይህን ሥርዓት በብራና ላይ መፈጸም ይቻል ነበር ብለን አናምንም፤ በጎቹ አይበቁም።

በሀብትና በዝና የታወቀ ሰው ስለ ማንነቱ የሚመሰክሩለት ብዙ ናቸው። ቤቱ፣ ልብሱ፣ ጓደኞቹ ይመሰክሩለታል። ያ ወጣት ግን በባዕድ አገር ሲቆም ያለው አንድ ቅጠል ነው። ሐዋርያው ዮሐንስ በሁለተኛው መልእክቱ መጨረሻ ላይ የሚጽፈው ብዙ ነገር ሳለው በወረቀትና በቀለም ሊያደርገው እንዳልወደደ፣ ይልቁንም መጥቶ ፊት ለፊት ሊነጋገር ተስፋ እንዳደረገ ይገልጻል። (የእርሱ ወረቀት የደንገሉ መሆኑ ነው።) ፊት ለፊት መቆም ለማይችል ሰው ወረቀት የፊት ምትክ ነው። እኒያ እናት በመርማሪዎቹ ፊት ቆመው ልጃቸውን የወለዱበትን ቀን ቢናገሩ ኖሮ የሚያምናቸው ሰው ይገኝ ይሆናል። ሊሄዱ ስለማይችሉ እኛ በማኅተም እንድንናገርላቸው ጠየቁን።

ሙግታቸው ቀላል አልነበረም። በኋላ በተቀጠሩበት ሐሙስ እንዲህ ብለውናል፤ «በሰው ላይ በሐሰት አትመስክር ይላል እንጂ ለሰው አትመስክር አይልም። ማንን እጎዳለሁ?» በሴሚናርም ቢሆን ከዚህ የጠነከረ ጥያቄ መጠየቃችንን አናስታውስም። በተጨማሪም እኛ በበረሃ አልተጠማንም፤ ልጅም ባሕር አልወሰደብንም። ከሞቀ ቤት ተቀምጦ ስለ እውነት መናገር ርካሽ እንደ ሆነ እናውቃለን። ድንበር የሚጠብቁት ሕጎች ሁሉ ፍትሐዊ ናቸው ብለንም አንከራከርም፤ አይደሉም። በዐሥራ ሰባት ዓመት ከዐሥራ አንድ ወርና በዐሥራ ስምንት ዓመት መካከል ያለው ልዩነት የአንድን ልጅ ሕይወት እንዲወስን የሚያደርግ አሠራር በራሱ ጥያቄ ያስነሣል።

«ማንን እጎዳለሁ?» ለሚለው ግን መልስ ያለ ይመስለናል። የሚጎዳው በእርግጥ በ2002 ዓ.ም. የተወለደው ልጅ ነው። ነገ እርሱም ከዚሁ መዝገብ፣ በዚሁ ማኅተም የተረጋገጠ ወረቀት ይዞ በዚያው መስኮት ፊት ይቆማል። መርማሪው የቁምስናውን ማኅተም ካየ በኋላ ራሱን ቢነቀንቅ ያ ልጅ ሌላ ምስክር የለውም። የባለጸጋ ወረቀት ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ባለጸጋው ሌላ መንገድ ያገኛል። ድኾች ግን የሚካፈሉት እምነት አንድ ነው፤ እንደ ጋራ ጕድጓድ ውሃ ነው፤ አንዱ ቢያደፈርሰው ሁሉም ይጠጡታል።

እርግጥ ብሉን የሚወቅስም ይኖራል። መዝገባችን የፋብሪያኖ ወረቀት አይደለም። በ1840ዎቹ በሳክሶኒያ ፍሪድሪክ ኬለር እንጨትን ፈጭቶ ወረቀት ማውጣትን ካሳየ ወዲህ ጨርቅ ቀረ፤ ወረቀት በረከሰ፤ ጋዜጣና የትምህርት ቤት ደብተር በየእጁ ገባ። ነገር ግን የእንጨቱ ባሕርይና ለሙጫው የተጨመረው አሲድ ወረቀቱን ከውስጥ ይበላው ጀመር። በዐሥራ ዘጠነኛውና በሃያኛው ምዕተ ዓመት የታተሙ ብዙ መጻሕፍት ቢጫ ሆነው በእጅ ሲነኩ ይፈረካከሳሉ፤ የአምስት መቶ ዓመቱ የጨርቅ ወረቀት ግን ገና ይታጠፋል። ለዘላቂ ወረቀት ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት በ1994 ዓ.ም. ነው። በየቁምስናው ያለው መዝገብ ግን በዋጋው እንጂ በዕድሜው አይመረጥም፤ በእርጥብ ግድግዳ ላይ በተደገፈ ቁም ሣጥን ውስጥም ይቀመጣል። ይህ የእኛ ጥፋት ነው። የልጁን አኃዝ የበላው ብል ቢሆንም በሩን የከፈትንለት እኛ ነን።

በመጨረሻ ያገዘን አንድ የቆየ ታሪክ ነው። በግእዝ የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ በ1513 ዓ.ም. በሮማ የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው፤ ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ሰው በሮማ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ቋንቋውን ተምሮ ነበር። ከዚያም በ1548ና በ1549 ዓ.ም. በቫቲካን አጠገብ በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም የነበሩት አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። አታሚዎቹ ፊደሉን ማንበብ አያውቁም፤ መነኮሳቱም ማተም አያውቁም። ስሕተት በዛ። አባ ተስፋ ጽዮን ያደረጉት ስሕተቱን መሸፈን አይደለም። እንዴት እንደ ተሠራና ስለ ምን እንደ ጎደለ በመጽሐፉ ውስጥ ገልጸው አንባቢውን ይቅርታ ለመኑ። መጽሐፉ ከነስሕተቱ ሲነበብ ኖሯል።

ሐሙስ ዕለት ለእናቲቱ ሁለት ወረቀት ጻፍንላቸው። በመጀመሪያው ላይ ዓመቱን 2000 ብለን አሰፈርን። በሁለተኛው ላይ አኃዙ በብል እንደ ተበላ፣ እኛም ከላይና ከታች ካሉት መስመሮች እንደ ደረስንበት፣ ልጁ አባቱን በሕፃንነቱ እንዳጣ፣ እናቱ በእንጀራ ሽያጭ እንዳሳደጉት፣ ሲወጣም ገና ልጅ እንደ ነበረ የምናውቀውን ሁሉ ጻፍን። ሌሎች ሁለት የሰፈር ሰዎችም ፈረሙበት። እርሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ቃል በቃል አነበብንላቸው። ሲጨርስ፣ «አባ፣ እውነቱን ነው» አሉ፤ ደስ ብሏቸው ግን አልነበረም። ወረቀቶቹን አላጠፏቸውም፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው፣ ሳይሰናበቱን ሄዱ። የልጁ ጉዳይ ምን ላይ እንደ ደረሰ እስከ አሁን አልሰማንም።

ከዚያ ወዲህ የተበላሹትን ገጾች ወደ አዲስ መዝገብ መገልበጥ ጀምረናል፤ ቁም ሣጥኑንም ከግድግዳው አርቀነዋል። ከዚያች መስመር ስንደርስ 2000 ብለን ጻፍንና በኅዳጉ ላይ የመጨረሻው አኃዝ በብል እንደ ተበላ፣ ማን እንደ ገለበጠውና በምን ቀን እንደ ሆነ አክለን ፈረምን።